ልጅ በእጃቸው ለሚያልፍ ሠራተኞች

ጠዋት ሁለት ሰዓት ሳይሞላ በሐረር ፈላና በር የሚተላለፈው አብዛኛው ሰው ልጅ ይመስላል። ዩኒፎርም የለበሰ አለ፣ ቁርአኑን በጨርቅ ጠቅልሎ የያዘ አለ፣ ዳቦ ለመግዛት የተላከ አለ፣ በኮንትራት ባጃጅ ተጠቅጥቆ የሚሄድ አለ። ከእነዚህ መካከል አንዱን ልጅ ምረጡና ማታ ቤቱ እስኪገባ ድረስ በስንት ትልቅ ሰው እጅ እንደሚያልፍ ቁጠሩ፦ የባጃጅ ሾፌር፣ የትምህርት ቤት ዘበኛ፣ መምህር፣ ቁርአን የሚያስቀራ ካቢር ወይም የኔታ፣ ባለሱቅ፣ አስጠኚ፣ አከራይ፣ እቤት የሚያድር ዘመድ። ስለ ሕፃናት ወሲባዊ ጥቃት በተነሣ ቁጥር ወላጅ «ልጅህን ጠብቅ» ይባላል፤ ልጅም «ከማታውቀው ሰው ከረሜላ አትቀበል» ይባላል። ቀኑን ሙሉ ልጁን ይዞ ለሚውለው ሠራተኛ ግን ማንም ምንም አይለውም። ይህ ጽሑፍ ለእሱ ነው።

«ከማታውቀው ሰው» የሚለው ምክር ክፋት የለውም፤ ግን አይበቃም። ጥቃቱን የሚፈጽመው ብዙውን ጊዜ ልጁም ቤተሰቡም በደንብ የሚያውቁት ሰው ነው። በነሐሴ 2016 ዓ.ም. አገር ያስለቀሰውን የባሕር ዳሩን ጉዳይ አስታውሱ። የሰባት ዓመቷን ሕፃን ደፍሮ የገደላት ሰው ከመንገድ የመጣ አልነበረም፤ እናቷ የተከራየችበት ቤት ባለቤት ነበር። ፍርድ ቤት በአከራዩ ላይ የ25 ዓመት እስራት ፈረደበት። ዩኒሴፍ በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ባወጣው ግምት በዓለም ላይ ካሉ ሴቶችና ልጃገረዶች ከስምንት አንዷ፣ ከወንዶችም ከአሥራ አንድ አንዱ 18 ዓመት ሳይሞላቸው የመደፈር ወይም ሌላ ወሲባዊ ጥቃት ደርሶባቸዋል። የወንዶቹን ቁጥር አትለፉት። «ወንድ ነው፣ ምን ይሆናል» የሚለው አነጋገር ብዙ ወንድ ልጆችን ያለ ጠባቂ አስቀርቷል።

ልጅ ለምን በቀላሉ ይጠቃል? አቅም ስለሌለው ነው ብሎ ማለፍ ይቀላል። ነገር ግን ከአስተዳደጋችን ውስጥ የሚመጣም ነገር አለ፤ እሱን ደፍሮ መናገር ያስፈልጋል። እኛ አገር ማንኛውም ትልቅ ሰው የማንንም ልጅ ይልካል። «ና እስቲ ተላክልኝ» ሲባል «ለምን? የት?» ብሎ የሚጠይቅ ልጅ ባለጌ ይባላል፤ ሮጦ የሄደ ደግሞ «እደግ!» ተብሎ ይመረቃል። ልጅን ሰው ከማያየው ክፍል ማስገባት ለሚፈልግ ሰው ከዚህ የተመቸ ነገር የለም፤ ዕቃ አምጣ ብሎ መላክ ይበቃዋል። እንግዳ ሲመጣ ልጅ ባይፈልግም ተገፍቶ ይሳማል፤ እንቢ ካለ እናት ታፍራለች። የትንንሽ ወንዶችን ገላ እየነኩ መቀለድ እስካሁን እንደ ፍቅር የሚቆጠርበት ቤት ብዙ ነው። በእነዚህ ሁሉ ልጁ የሚማረው አንድ ነገር ነው፦ የገላው ባለቤት እሱ ሳይሆን ትልቅ ሰው መሆኑን።

በግንቡ ውስጥ ባለው አሮጌው ከተማ፣ በጁገል፣ የሚጨመር ነገርም አለ። በአንድ የውጭ በር ብዙ ቤተሰብ ገብቶ የሚወጣበት ግቢ ሞልቷል። ይህ በአብዛኛው በረከት ነው፤ ልጅ ሲያለቅስ የሚሰማ ጎረቤት አይጠፋም። ሆኖም «ሁሉም ዘመድ ነው» ስለሚባል ማን ከማን ልጅ ጋር ብቻውን እንደ ዋለ ማንም አይጠይቅም። ከሰዓት በኋላ የጫት በርጫ ይያዛል፤ ውሃ፣ ኦቾሎኒ፣ ሲጋራ እያመላለሰ የሚያቀብለው ብዙውን ጊዜ ልጅ ነው። በርጫ ያለበት ቤት የልጅ መላላኪያ መሆን የለበትም። ይህን ማለት በርጫን መስደብ አይደለም፤ ትልልቅ ሰዎች ለሰዓታት በር ዘግተው የሚቀመጡበትን ክፍል ሥራ ለልጅ አትስጡ ማለት ነው። ከሐረርጌ ገጠር ለትምህርት መጥተው ዘመድ ቤት የሚያድሩና በደላላ መጥተው በሰው ቤት የሚሠሩ ልጆች ደግሞ ሁሉም ነገራቸው፣ ምሳቸውና መኝታቸው ሳይቀር፣ በአንድ ሰው እጅ ነው። እንዲህ ያለ ልጅ «እናገራለሁ» ለማለት ጎዳና ላይ ለመውደቅ መቁረጥ አለበት።

ወደ ሥራው እንግባ። ከባጃጅ ልጀምር፤ በዚህ ከተማ ብዙ ልጅ የሚጓጓዘው በባጃጅ ነውና። ባጃጁ ቦታ ሲጠበው ትንሹ ልጅ ከሾፌሩ ጎን፣ መሪው ሥር በግማሽ መቀመጫ ላይ ይለጠፋል። ይህ ለአደጋም መጥፎ ነው፤ ለጥቃትም መጥፎ ነው፤ ምንም ክፉ ላላሰበ ሾፌርም ለሐሜት መጥፎ ነው። ልጅ ከኋላ ይቀመጥ፤ ካልበቃው አትጫኑት። የጎን ሸራው ዝናብ ካልሆነ በስተቀር ይጠቅለል። ዋናው ነገር ግን መጨረሻ የሚወርደው ልጅ ነው። ስድስት ልጅ ጭኖ የተነሣ ባጃጅ አምስቱን ካወረደ በኋላ አንድ ልጅ ከአንድ ሰው ጋር ብቻውን ይቀራል፤ በየቀኑ፣ በተመሳሳይ ሰዓት፣ ያው ልጅ። መንገዱ ሲወጣ ይህን አስቡበት። የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ወንድምና እህት ወይም የአንድ ሰፈር ልጆች ይሁኑ። ካልተቻለ አምስተኛው ሲወርድ ለስድስተኛው ወላጅ ስልክ ይደወል፦ «አሁን የእናንተ ብቻ ቀርቷል፣ እየመጣሁ ነው»። ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም። ሾፌሩ ታሞ ሌላ ሰው ባጃጁን ሲይዝም ወላጅ በዚያው ጠዋት ይወቅ። ለልጅ በግል ስልክ መደወል፣ ካርድ መሙላት፣ «ለማንም አትንገሪ» ብሎ ማስቲካ መስጠት፣ ሐሳቡ ቅን ቢሆን እንኳ መቆም ያለበት ነገር ነው። ልጅን የሚያጠምድ ሰው የሚጀምረው ከዚሁ ከትንሽ ስጦታና ከትንሽ ምሥጢር ነውና።

ጥሩ ሾፌር ደግሞ ከመምህርም ከወላጅም በፊት የሚያየው ነገር አለ። ትናንት ድረስ እየዘለለች ትወርድ የነበረች ልጅ ዛሬ «እዚህ ቤት አታውርደኝ» ካለች፣ አንድ ሰው ሊቀበላት ሲመጣ ፊቷን ካዞረች፣ በዚህ ዕድሜዋ ወንበር ላይ ሽንቷን መልቀቅ ከጀመረች፣ ይህ ቀልድ አይደለም። ከዚህ ተነሥቶ ማንንም መወንጀል አይገባም፤ የልጅ ጠባይ በብዙ ምክንያት ይለወጣል። ለእናት ወይም ለትምህርት ቤቱ «ይህን አየሁ» ማለት ግን ይገባል፤ ይህን ያለ ሾፌር የቀረውን ለሚመለከተው ሰው አስረክቧል።

ለመምህርና ለአስጠኚ ደንቡ አጭር ነው፦ ከአንድ ልጅ ጋር ብቻችሁን የምትሆኑበት ሥራ ካለ በሩ ይከፈት። የቤት ለቤት አስጠኚ ሳሎን ያስጠና፤ መኝታ ቤት ጠረጴዛ አለ ተብሎ እዚያ አይገባም። ልጅን ደብተር አስይዞ ወደ መምህር መኖሪያ ቤት መላክ ይቅር። ማኪና ግርግር መንገድ ላይ ልብስ ስፌት የሚለማመዱ ልጆችም ሱቁ ከተዘጋ በኋላ ከጌታቸው ጋር ብቻቸውን አይቅሩ፤ በዚህ ላይ ብዙ ማለት አያስፈልግም።

ብዙ ማለት የሚያስፈልገው ማደሪያ ላይ ነው። ደረሳ የሚያሳድር ካቢርም ሆነ የቆሎ ተማሪ የሚያሳድር የኔታ ልጆቹን የሚያስተኛው በዕድሜ ለይቶ መሆን አለበት። የአሥር ዓመት ልጅ ከሃያ ዓመት ጎረምሳ ጋር አንድ ምንጣፍ ላይ፣ አንድ ጋቢ ለብሶ የሚያድርበት ልማድ ከችግር የመጣ መሆኑ ይገባኛል። ችግሩን ግን የሐረሪዎች መረዳጃ አፎቻውም፣ እድሩም፣ ሰበካ ጉባኤውም ሊያቃልለው የሚችለው ነው፤ የሚጎድለው ምንጣፍና ብርድ ልብስ ነው እንጂ ሕንፃ አይደለም። ሌሊት መብራት ይኑር፤ አንድ ኃላፊነት ያለበት ሰው ሳይነገር እየመጣ ይጎብኝ። የሃይማኖት አስተማሪን መጠርጠር ኃጢአት የሚመስለው ሰው ይህን ያስብ፦ ደንቡ የወጣው ለማደሪያው ነው፤ የሚከበረውን አስተማሪ ይጠብቀዋል እንጂ አይነካውም። ንጹሕ ሠራተኛን ከሐሰት ክስ የሚያድነው «እኔን እንዴት ትጠረጥሩኛላችሁ» የሚለው ቁጣው አይደለም፤ በሩ ሁልጊዜ ክፍት እንደ ነበር የሚመሰክሩለት ሰዎች መኖራቸው ነው።

ቤታቸው ሠራተኛ የቀጠሩ ሰዎችም አሠሪ ናቸውና ይህ ይመለከታቸዋል። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ዝቅተኛው የመሥሪያ ዕድሜ 15 ዓመት ነው። አዋጁ የቤት ሠራተኛን በቀጥታ ባይሸፍንም፣ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ አምጥቶ «ልጄ ናት፣ እያስተማርኳት ነው» ለሚል ሰው ቁጥሩ መለኪያ ይሁነው። ልጅቷ ከውስጥ የሚቆለፍ ክፍል ይኑራት፤ ኩሽና ወለል ላይ ወይም ሳሎን መተላለፊያ ላይ አትተኛ። ከቤተሰቧ ጋር በየሳምንቱ በስልክ ትገናኝ፤ ስትናገር ቆማችሁ አትስሙ። ቤት ውስጥ ጎረምሳ ልጅ ወይም አጎት ካለ ንግግሩ ከእነሱ ጋር ይጀመር። እንዲህ ባሉ ቤቶች ብዙ ጊዜ የሚመከረው የሚጠቃው እንጂ የሚያጠቃው አይደለም።

ሕጉን ባጭሩ። በ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ አንቀጽ 627 መሠረት ዕድሜዋ ከ13 ዓመት በታች ከሆነች ልጅ ጋር የግብረ ሥጋ ግንኙነት የፈጸመ ከ13 እስከ 25 ዓመት ጽኑ እስራት ይጠብቀዋል። ልጅቷ ተማሪው፣ የሙያ ተለማማጁ፣ የቤት ሠራተኛው ወይም በአደራ የተሰጠችው ከሆነች መነሻው 15 ዓመት ይሆናል። ሕጉ ሙያዎቹን በስም ጠርቶ መዘርዘሩን ልብ በሉ፤ አደራ የተቀበለ ሰው ቅጣቱ ይከብድበታል። ከ13 እስከ 18 ባለው ዕድሜ አንቀጽ 626 ከ3 እስከ 15 ዓመት ያስቀምጣል፤ «ወዳ ነው» ማለት ከዚህ አያድንም፤ ኃይል ካለበት ቅጣቱ እስከ 20 ዓመት ይደርሳል። በወንድ ልጅ ላይ በወንድ የሚፈጸመውን አንቀጽ 631 ይመለከተዋል፤ ልጁ ከ13 ዓመት በታች ከሆነ ከ15 እስከ 25 ዓመት ያስቀጣል።

አሁን ልጅ ሲነግራችሁ ምን እንደምታደርጉ። ልጅ ተቀምጦ ታሪኩን ከሀ እስከ ፐ አይተርክም። ጫማ እያሰረ፣ ከመስኮት እየተመለከተ፣ «ያ ሰውዬ ጥሩ አይደለም» ይላል። በዚያ ቅጽበት የሚያበላሸው ነገር ፊታችሁ ነው፤ ከደነገጣችሁ ወይም ከተቆጣችሁ ልጁ ጥፋተኛ የሆነ ይመስለውና ይዘጋዋል። ድምፃችሁን ዝቅ አድርጉና «እንዴት ማለት? ንገረኝ እስቲ» በሉ። «ከዚያስ?» ጥሩ ጥያቄ ነው። «እከሌ ነካህ እንዴ?» መጥፎ ጥያቄ ነው፤ መልሱን በአፉ ማጉረስ ነውና በኋላ ፍርድ ቤት ላይ ማስረጃውን ያፈርሰዋል። «ለምን አልጮህሽም? ለምን እስካሁን ዝም አልሽ?» ደግሞ ጭራሽ መጠየቅ የለበትም። «ለማንም አልናገርም» ብላችሁ ቃል አትግቡ፤ ትናገራላችሁና። የምትሉት ይህ ነው፦ «ስለነገርሽኝ ጎበዝ ነሽ። ጥፋቱ ያንቺ አይደለም። አሁን ሊረዱን ለሚችሉ ሰዎች እንነግራለን።» ከዚያ ለብቻችሁ ስትሆኑ የልጁን ቃል ራሱ በተናገረበት አፍ፣ በሐረሪም ይሁን በኦሮምኛ ወይም በሶማልኛ፣ እንዳለ ጻፉት፤ ቀንና ሰዓት ጨምሩበት። በዚህ ከተማ ልጅ የሚጎዳው በአንድ ቋንቋ፣ ቃሉ የሚመዘገበው በሌላ ቋንቋ የሚሆንበት ጊዜ አለ። በመካከል የሚያስተረጉመው ደግሞ የተከሳሹ ዘመድ ከሆነ ነገሩ አበቃለት። አስተርጓሚ ሲመጣ «ከማን ጋር ትዛመዳለህ?» ብላችሁ ለመጠየቅ አትፍሩ።

ተጠርጣሪውን ራሳችሁ አታነጋግሩ። ልጁንም በየቢሮው እየወሰዳችሁ ታሪኩን አታስደግሙት።

መጀመሪያ ሆስፒታል ነው፤ ጁገል ሆስፒታልም ይሁን ሕይወት ፋና፣ የቀረባችሁ። የኤችአይቪ መከላከያው መድኃኒት ጥቃቱ በደረሰ በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት፤ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ቢጀመር ይሻላል፤ ከዚያ ለ28 ቀን ይወሰዳል። እርግዝና የሚያሰጋት ልጅ ከሆነች አስቸኳይ መከላከያው እስከ አምስት ቀን ይሠራል። ልጅቷ አትታጠብ፤ ልብሷም አይታጠብ። በፌስታል ከሆነ ይሻግታልና በወረቀት ተጠቅልሎ ይምጣ። እናቶች መጀመሪያ የሚያደርጉት ማጠብ ነው፤ ልባቸው ስለማይችል ነው፤ ስለዚህ ይህን አስቀድሞ ማወቅና ማስተማር የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ሥራ ነው።

ለጤና ባለሙያዎች አንድ ነገር ልጨምር። አብዛኞቹ ጥቃት የደረሰባቸው ሕፃናት ሲመረመሩ የሚታይ ጉዳት አይገኝባቸውም። «ክብረ ንጽሕናዋ አልተነካም» የሚል ወረቀት ጥቃት አለመድረሱን አያሳይም፤ ስንት መዝገብ ግን በዚህች አንዲት መስመር ተዘግቷል። የዓለም ጤና ድርጅትና ሌሎች የተባበሩት መንግሥታት ተቋማት በ2011 ዓ.ም. መጀመሪያ የድንግልና ምርመራ ሳይንሳዊ መሠረት የሌለው በመሆኑ እንዲቆም ጠይቀዋል። ያገኛችሁትን ጻፉ፤ ካልተገኘም «ይህ ግኝት ጥቃት መድረሱን ወይም አለመድረሱን አያረጋግጥም» ብላችሁ ጨምሩበት።

ቀጥሎ ፖሊስ ጣቢያ ያለው የሴቶችና ሕፃናት ክፍል ነው። እዚህ ላይ ነው ሽማግሌ የሚመጣው። ሰዎቹ ክፉ አይደሉም፤ ሰፈር ሰላም እንዲሆን፣ የልጅቷ ስም እንዳይነሣ፣ ሁለት ቤተሰብ እንዳይቋሰል ብለው ነው። «ገመና ነው፣ በመካከላችን እንጨርሰው» ይባላል። አንድ ቀን ለመሰባሰብ ይሄዳል፣ አንድ ቀን የተከሳሽን አባት ለማነጋገር ይሄዳል፣ አንድ ቀን ለካሣ ክርክር ይሄዳል፤ ሦስቱ ቀን አለቀ። መድኃኒቱም፣ ማስረጃውም፣ የልጅቷ እምነትም አብረው አለቁ። ሽምግልና ለወሰን ግጭት፣ ለባልና ሚስት ጠብ፣ ለዕዳ የሚከበር ጥበብ ነው፤ በሕፃን ላይ የተፈጸመ ወንጀልን የመዝጋት ሥልጣን ግን የለውም። የተከፈለ ካሣም ክሱን አያስቀርም። ሽማግሌ መርዳት ከፈለገ ሥራ አለው፦ ልጅቷ ትምህርቷን እንዳታቋርጥ፣ ቤተሰቧ ከተከራየበት እንዳይባረር፣ እናቷ ፍርድ ቤት ስትመላለስ ሥራዋን እንዳታጣ ይቁም።

ሌላው መጥፎ ልማዳችን ዝም ብሎ ማሰናበት ነው። አንድ መምህር ወይም ዘበኛ ነገር ሲሰማበት ድርጅቱ ስሙን ለመጠበቅ «በራሱ ፈቃድ ለቀቀ» ብሎ ጽፎ ጥሩ የምስክር ወረቀት ሰጥቶ ይሸኘዋል። ሰውየው ከተማ ቀይሮ ይቀጠራል፤ ድሬዳዋ ወይም ጂጂጋ አዲስ ነው፣ ንጹሕ ነው። ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ የሚባለው ለዚህ ነው። ጅቡን በስሙ እየጠራ ከሚያበላ ከተማ ይህ ተረት ባይወጣም፣ ለዚህ ጉዳይ ከእሱ የሚሻል አላገኘሁም። የምትቀጥሩ ሁሉ ያለፈውን አሠሪ በወረቀት ሳይሆን በስልክ ጠይቁ፦ «ልጆች ባሉበት መልሳችሁ ትቀጥሩታላችሁ?» መልሱ ከዘገየ አትቅጠሩ።

ፍርድ ቤት ልጅን የሚያስፈራ ቦታ ነው ብለው ክሱን የሚተዉ ወላጆች አሉ። ልጅ ከተከሳሹ ጋር ፊት ለፊት ሳይተያይ፣ በሌላ ክፍል ሆኖ በካሜራ ቃሉን የሚሰጥበት አሠራር በፌዴራል ፍርድ ቤቶች ተጀምሮ ዓመታት አልፈዋል። በምትሄዱበት ፍርድ ቤት ይህ መኖሩን ዐቃቤ ሕጉን ጠይቁ፤ ከሌለም ልጁ ቢያንስ በዝግ ችሎት እንዲሰማ ጠይቁ።

ይህን ያነበባችሁ የባጃጅ ማኅበር ሰብሳቢዎች፣ ርእሳነ መምህራን፣ የአፎቻና የእድር ዳኞች፣ መስከረም ሳይጠባ አንድ ስብሰባ ጥሩ። ሦስት ነገር ወስናችሁ ውጡ፦ መጨረሻ የሚወርደው ልጅ ማን እንደሆነ፣ በማደሪያው ማን ከማን ጋር እንደሚተኛ፣ ልጅ ቢናገር በዚያው ሰዓት ለማን እንደሚደወል። የፖሊስ ጣቢያውን የሴቶችና ሕፃናት ክፍል ስልክ ቁጥር ዛሬውኑ ጠይቁና በእያንዳንዱ ባጃጅ፣ በእያንዳንዱ ክፍል ግድግዳ ላይ ለጥፉ።